አስፋልቱ እስከሚያልቅበት

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ሚኒባስ መንዳት ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ የቱ መንገድ መቼ እንደሚጨናነቅ፣ የቱ ጉድጓድ ጎማ እንደሚበላ፣ የትኛው ቅያስ ከየት ወዴት እንደሚያወጣ ጠንቅቆ ያውቃል። አብረውት ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች «ካርታው» ነበር የሚሉት። አንዱ መንገድ ሲጠፋበት የሚደውለው ለእሱ ነው። «ካርታው፣ መንገዱን ቆፍረውታል፣ በየት ልውጣ?» ይለዋል። እሱም ሻዩን ሳያስቀምጥ፣ «ወደ ኋላ ተመለስ፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፤ ደግሞ እንዳትቸኩል፣ ውሻ አለ» እያለ ያወጣዋል።

ይህ ሰው ሚስት ነበረችው። ሚስቱ ጌታን የምታመልክ ሴት ናት። እሱ ግን ወደ ጉባኤ ገብቶ አያውቅም። ወገኖቼ፣ ይህን ስላችሁ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አይሰክርም። እጁን አያነሣም። ሚስቱን «አትሂጂ» ብሎ ከልክሏት አያውቅም። እንዲያውም ያደርሳታል! እሁድ እሁድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከጎኑ ያስቀምጣትና ይወስዳታል። ስንት ባል አለ ይህን የማያደርግ?

የምታመልክበት ጉባኤ የራሱ ቦታ የለውም ነበር። ከኪራይ ወደ ኪራይ ሲንከራተት ቆይቶ በመጨረሻ ከከተማው ዳር አንድ አሮጌ መጋዘን አገኘ። ሲገቡበት መንገድ ነበረው። ኋላ ግን ከፊቱ የብሎኬት ማምረቻ ተሠራ፤ ግንብ ታጠረ፤ ዋናው በር በአጥር ክርክር ተዘጋ። ምእመናኑም በጓሮ በኩል ለራሳቸው መግቢያ አበጁ። መጀመሪያ አማረሩ፤ ቀጥሎ ለመዱት፤ ሲለምዱት ደግሞ አስቸጋሪ መሆኑን ረሱት። በየስብሰባው አንድ ሰው ይነሣና «ለእንግዳ የሚሆን ምልክት ብንሰቅል» ይላል። «ሁላችንም እናውቀው የለ እንዴ» ተብሎ ይታለፋል።

ሰውየው ሚስቱን የሚያደርሳት አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ ነው። እዚያ ሲደርስ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው።

«እዚህ ድረስ ነው አስካለ፤ መኪናዋ ጭቃ አትወድም» ይላታል።

«መኪናዋ ናት ወይስ ባለቤቷ?» ትለዋለች እየሳቀች። «አንድ ቀን እንኳ ግባ እንጂ። መዝሙሩን ሰምተህ ትወጣለህ።»

«ሌላ ጊዜ።»

«እሺ፣ ሌላ ጊዜ» ትልና ትወርዳለች። እሱ መኪናውን ያዞራል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ወዴት እንደምትታጠፍ ቆም ብሎ አይቶ አያውቅም። ለምን ያያል? የእሱ ድርሻ እዚያ ላይ አልቋል።

ብዙ ዓመት እንዲህ ሄደ።

ከዕለታት አንድ ቀን አስካለ ታመመች። ሕመሙ የውስጥ ነበር፤ እስኪታወቅ ድረስ ጊዜው አለፈ። ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሞቹ ባሏን ወደ ጎን ወስደው የሚነገረውን ነገሩት። እሷም ሳይነግሯት ገባት። ክረምት ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት ባሏን ጠራችው። ታናሽ እኅቷ ጥሩወርቅ ከእግሯ በኩል ቆማለች።

«ሽብሩ» አለችው።

«እመት።»

«የጌታን እራት መውሰድ እፈልጋለሁ። ከወንጌላዊ ኤርጫፎ እጅ። የቤተ ክርስቲያን እኅቶቼም ቢመጡልኝ... ቢዘምሩልኝ።»

«አሁኑኑ እደውላለሁ።»

«አያነሡም። አምልኮ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ስልካቸውን ይዘጋሉ። አንተ ሄደህ ጥራቸው።» ትንፋሽዋን ሰብሰብ አደረገችና ቀና ብላ አየችው። «መንገዱን ታውቀዋለህ አይደል?»

ምን ይበላት? ካርታው ነው እኮ! በዚያ ላይ ለዓመታት ሲያደርሳት ኖሯል።

«አውቀዋለሁ» አላት።

እሷም ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ አረፈ። አያችሁ፣ አመነችው።

ሽብሩ እየበረረ ሄደ። ከሆስፒታሉ እስከ አስፋልቱ ማለቂያ ያለውን መንገድ እንደሱ የሚያውቅ የለም። በየትኛው ቅያስ ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። ሁልጊዜ የሚያቆምበት ቦታ ደረሰና ቆመ። ወደ ፊት አየ።

ሦስት መንገድ አለ።

አንዱ ሰፊ ነው፤ አዲስ ወደተሠሩት ቤቶች ይወጣል። አንዱ የብሎኬት ማምረቻውን ግንብ ተጠግቶ ይሄዳል። አንዱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሽብሩ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ሚስቱ በየእሁዱ እዚህ ቦታ ላይ ወርዳለች። ከእነዚህ ከሦስቱ በየትኛው ነበር የምትሄደው?

አላወቀም።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ከተማውን በሙሉ ያውቃል። የሚስቱን መንገድ ግን አላወቀም።

እንደ ሹፌር አሰበ። «ቤተ ክርስቲያን ከሆነ መኪና የሚያስገባ መንገድ ይኖረዋል» አለና በሰፊው ገባ። ጥቂት እንደሄደ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ማርሹን ወደ ኋላ አደረገ፤ ነዳጅ ሰጠ፤ ባሰበት። ትቶት ወረደና በእግሩ ቀጠለ። በአንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ ካቦርት የለበሰ ዘበኛ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ እዚህ አካባቢ የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን አለ?»

«ቤተ ክርስቲያን?» ዘበኛው አሰብ አደረገ። «አይ፣ እዚህ የለም።»

«ሰዎች በየእሁዱ ይመጣሉ እኮ።»

«መዝሙር ይሰማል፣ ልክ ነህ። እሁድ እሁድ ጥሩ መዝሙር ይሰማል። ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። ነፋሱ ሲዞር ከዚያ ማዶ ይመስላል፤ ሲመለስ ደግሞ ከዚህ ይመስላል።»

«ዛሬስ?»

ሁለቱም ዝም ብለው አዳመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ይወርድ ጀምሮ ነበር። ምንም አልተሰማም።

ሽብሩ እየሮጠ ወደ አስፋልቱ ማለቂያ ተመለሰ። እዚያ አንዲት አሮጊት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው፤ እማማ ደብሪቱ ይባላሉ። ሱቋን ሁልጊዜ ያያታል። ወርዶ ግን ሰላም ብሎ አያውቅም። ከመደርደሪያው ሥር የሴቶች ጫማ በተራ ተደርድሯል።

«እማማ፣ እባክዎ፣ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን በየት ነው?»

አሮጊቷ አተኩረው አዩት። «አንተ ሹፌሩ አይደለህም? አስካለን የምታመጣት?»

«አዎ፤ ባሏ ነኝ።»

«ባሏ!» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በሞትኩት! እኔ እኮ የኮንትራት ሹፌር ነበር የምትመስለኝ። አውርደሃት ወዲያው ነው የምትፈተለከው። ባልማ ሚስቱን እንዲህ አድርጎ አይጥልም ብዬ ነው።»

ሽብሩ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለመሆኑ ደኅና ናት? ሰሞኑን አላየኋትም። ቦቲዋ ይኸውና፣ አስቀምጬላታለሁ።» ከበር ሥር አንድ ጥንድ የጎማ ቦቲ አወጡ። «ሁሉም እዚህ ነው የሚቀይሩት። የመንገድ ጫማቸውን እዚህ ትተው፣ የአምልኮ ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ቦቲ አድርገው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ይቀይራሉ። የእሷን እኔ ነኝ የማወልቅላት። ጉልበቷ አልታጠፍ ይላታል።»

«ጉልበቷን ያማታል እንዴ?»

እማማ ደብሪቱ ይህን ሲሰሙ መቀለዳቸውን ተዉ። ቦቲውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ የግንቡን ጥግ ይዘህ ሂድ። ቦይ ታገኛለህ፤ ግንድ ተጋድሞበታል፤ ያንሸራትታል። ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሻገሩት። ከተሻገርክ በኋላ አንድ ድንጋይ አለ፤ እሷ እዚያ ቁጭ ብላ ታርፋለች። ከድንጋዩ ፊት ለፊት የቆርቆሮ አጥር አለ። አንደኛው ቆርቆሮ ይገፋል። እሱን ገፍተህ ግባ።»

«የሚገፋው የቱ ነው?»

«እሱንስ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።»

ሄደ። ግንቡን ይዞ ሄደ። ግንዱ ላይ ሲደርስ እጁን የሚይዝለት ሰው አልነበረም፤ ተንሸራቶ እስከ ጉልበቱ ቦዩ ውስጥ ገባ። ወጣ። ድንጋዩን አለፈ። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ገፋ፤ እምቢ አለው። እጁ ደማ። መዝሙሩ አሁን ከአጥሩ ማዶ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ሰዎች!» ብሎ ጮኸ። ከበሮው ዋጠው። በመጨረሻ አንደኛው ቆርቆሮ ተገፋለት።

ደረሰ እንግዲህ! ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ገብቶ መናገር ብቻ አይደለም?

ስሙኝ። አስተናጋጁ በሩ ላይ በፈገግታ ተቀበለው። ጭቃውን አየ፤ አልተጸየፈውም። «እንኳን ደኅና መጡ፣ ወንድሜ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወንጌላዊ ኤርጫፎን ፈልጌ ነው።»

«ጸሎት ላይ ናቸው። ይግቡና ይቀመጡ፤ ሲጨርሱ ያገኟቸዋል።» ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ክንዱን በአክብሮት ይዞ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ሽብሩም ተቀመጠ። ለምን አልጮኸም ትሉኝ ይሆናል። መኪና ላይ ሲሆን ከትራፊክ ጋር የሚከራከር ሰው ነው። እዚያ ግን የማያውቀው ቤት ውስጥ ነው ያለው። ሰዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። ጸሎት የሚቋረጥ ነገር መሆኑን አያውቅም። እንደሚቋረጥ ማን ነግሮት ያውቃል? ኮፍያውን በእጁ እየጠመዘዘ ጠበቀ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። ስለ ሕሙማን ይጸልዩ ነበር። የአስካለም ስም ተጠራ። ሲጠራ ሰማው።

ጸሎቱ እንዳለቀ ሊነሣ ሲል መድረክ መሪው ቀደመው። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር የሆናችሁ እንግዶች፣ እባካችሁ ብድግ በሉልን!»

ሽብሩ ብድግ አለ። ለመናገር ነበር የተነሣው።

ጉባኤው ዞሮ አየው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ፣ እጁ የደማ እንግዳ። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ሰው! እልልታው ቤቱን ሞላው። አጨበጨቡ። ለእንግዳ የሚዘመረውን መዝሙር አነሡ፤ የሚያውቁትን አዝማች በሙሉ ደጋገሙት። በአጠገቡ ያሉት አቀፉት። እሱ አፉን ይከፍታል፤ እነሱ ይዘምራሉ። እጁን ያነሣል፤ ደስ ያለው መስሏቸው እነሱም እጃቸውን ያነሣሉ።

መዝሙሩ ሲያልቅ መሪው «ስምዎን ይንገሩን፣ ማን ጋበዘዎት?» አለው።

«የአስካለ ባል ነኝ» አለ። «አስካለ እየሞተች ነው። የጌታን እራት አምጡልኝ ብላለች።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ የእነሱ ፍቅር እንባችሁን ያመጣው ነበር። ወንጌላዊው ስብከቱን እንኳ አልጀመረም። ኅብስቱንና ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከፊት ወጣ። እኅቶች ቦቲያቸውን ሳያደርጉ በአምልኮ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ወንዶቹ የእሁድ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሚኒባሱን ከጭቃ ገፍተው አወጡ። ስንት ሰው እንደተጫነ እሱ ራሱ አያውቅም። በመንገድ ሁሉ አልዘመሩም። አንዲት እኅት ብቻ ከኋላ «ደርሰናል፣ አስኩዬ፣ ደርሰናል» ትላለች፣ ደጋግማ።

ደረሱ ብያችሁ ደስ ቢላችሁ በወደድሁ። አልደረሱም።

ጥሩወርቅ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሽብሩ ሲያያት ገባው። ወንጌላዊው ጨርቁን ደረቱ ላይ እንደያዘ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አሁን ነው፣ ጋሼ» አለች ጥሩወርቅ። «አሁን፣ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

«አልጠየቀችኝም?»

«ጠይቃሃለች። ‘ሽብሩ ቆየ’ አለች። እኔም ‘ዝናቡ ይሆናል፣ ይመጣል’ አልኳት። ከዚያ እንዳላስብ ብላ መሰለኝ፣ እኔን ታጽናናኝ ጀመር። ‘እሱ አይጠፋበትም’ አለችኝ። ‘ሁልጊዜ የሚያደርሰኝ እሱ አይደል? መንገዱን ያውቀዋል።’»

ጥሩወርቅ ይህን የነገረችው ልታጽናናው ነው። ሽብሩ ኮሪደሩ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ።

«አላውቀውም ነበር» አለ። «አላውቀውም ነበር፣ ጥሩዬ።»

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ይጠይቁኛል። «ከዚያስ? ሰውየው አመነ?» ይሉኛል። በደስታ እንዲያልቅላቸው ይፈልጋሉ። እሁድ እሁድ ወደዚያው ጉባኤ ይሄዳል። ከኋላ ይቀመጣል። አይዘምርም። ከልቡ ጋር ምን እንደሚነጋገር እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ ከዚህ ቆሜ አልነግራችሁም።

ነገር ግን እናንተን ልጠይቃችሁ።

እናንተስ የምትወዱትን ሰው እስከ የት ድረስ ነው የምታደርሱት? የትኛው ቦታ ላይ ነው መኪናችሁን የምታዞሩት? አባት ሆይ፣ የልጅህን የትምህርት ቤት ክፍያ ትከፍላለህ፤ መልካም ነው፤ ልጅህ ማታ በሩን ዘግቶ ለምን እንደሚያለቅስ ታውቃለህ? አንቺ እኅቴ፣ ባልሽ ሥራ ውሎ ሲመጣ ራት ታቀርቢያለሽ፤ ሲሄድ የሚያስጨንቀውን ነገር፣ ሲመለስ የሚያስፈራውን ነገር ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ በአንድ አልጋ እየተኛን፣ አንዳችን የሌላውን ጉልበት መታመም ከባለ ሱቅ እንሰማለን።

እንዲህ ስል ደግሞ ሽብሩን ብቻ የወቀስሁ መስሏችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ያ ጉባኤ እንደ እኛ ያለ ጉባኤ ነው። መዝሙሩ ጥሩ ነው፤ ጎረቤቱ ይሰማዋል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቅም! የሚገፋውን ቆርቆሮ እኛ እናውቀዋለን። ሰው ደምቶ ሲገባ እናጨበጭብለታለን። ለምን እንደመጣ ሳንጠይቀው እንዘምርለታለን። ስንት ሰው ይሆን መሐላችን ብድግ ብሎ አፉን ከፍቶ፣ እኛ በእልልታ ያልሰማነው? የዚያን ቀን ትንሽ ዝም ቢሉ ኖሮ፣ አስተናጋጃቸው «ምን ሆነው ነው የመጡት?» ቢል ኖሮ... ተዉት። «ቢሆን ኖሮ» ማለት የማይመልሰው ነገር አለ።

ጌታችን እንዲህ አላደረገንም። ጭቃችንን ከሩቅ አይቶ አስፋልቱ ላይ አውርዶን አልተመለሰም። ወረደ። በእኛ ጭቃ ሄደ። ያረፍንበትን ድንጋይ ያውቀዋል፤ የተንሸራተትንበትን ግንድ ያውቀዋል። መንገዳችንን የሚያውቀው ስለሄደበት ነው። የእሱ የሆነ ሰው ደግሞ ከዚህ ሌላ የሚማረው ምን አለ?

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው እዩት። ለዓመታት «ሰላም ነው?» ብላችሁ ያለፋችሁትን። ቤታችሁ የሚጠብቃችሁንም። «እንዴት ነህ?» አትበሉት፤ ያንን ሁላችንም መመለስ ለምደናል። «ከዚህ በኋላ ወዴት ነው የምትሄደው? ማን አለህ? ምን ያስቸግርሃል?» በሉት። ሲጀምር አታቋርጡት። አብራችሁት ጥቂት ሂዱ፤ ጫማችሁ ይቆሽሽ።

ጠይቁ፣ ወገኖቼ። የሚመልስላችሁ ሰው ገና በሕይወት ሳለ ጠይቁ።